ሥር ይተካል፤ ጥርስ ግን አይመለስም

ጥርስ የወለቀበት ሰው የሚያጣው ማኘኪያ ብቻ አይደለም። ቆሎ መቆርጠምና አጥንት መጋጥ ይቀርበታል፤ እንደ «ሰ» ያሉ ድምፆች በክፍተቱ በኩል እያፏጩ ይወጡበታል፤ ሰው ፊት ሲስቅ አፉን በእጁ መከለል ይለምዳል። አበው «ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምር» ያሉት ስለ መረዳዳት ቢሆንም፣ አባባሉ በሥነ አካል ረገድም እውነት ነው። የፊት ጥርሶች ሲወልቁ ከንፈር ደጋፊ አጥቶ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ፊትም ያለ ዕድሜው ያረጃል።

በመሆኑም የጠፋን ጥርስ መተካት እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ከመተኪያ ዘዴዎች መካከል ዛሬ ከፍተኛ ዝና ያተረፈው ኢምፕላንት እየተባለ የሚጠራው የጥርስ ተከላ ነው። በእኛ አስተያየት የጥርስ ተከላ የሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳይንስ ለሰው ልጅ ካበረከታቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ ነው። ነገር ግን የሚተካው ሥርን እንጂ ሙሉውን ጥርስ አይደለም። ይህን ልዩነት ሳይረዳ በሐኪም ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ገንዘቡንም አጥንቱንም ሊያጣ ይችላልና፣ በጉዳዩ ላይ ጥቂት ማለት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

የነገሩ መነሻ ጥርስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ያጠና የነበረው አጥንት እንዴት እንደሚድንና ደም በውስጡ እንዴት እንደሚዘዋወር ነበር። ለዚሁ ጥናት ከታይታንየም የተሠራች ትንሽ የመመልከቻ መሣሪያ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ተከለ። ጥናቱ ሲያበቃ መሣሪያዋን ነቅሎ ዳግም ሊጠቀምባት ቢሞክር አልነቀል አለችው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበርና። ሌላ ሰው ቢሆን ውድ መሣሪያ ተበላሸብኝ ብሎ ሊያዝን በቻለ ነበር። ብሮነማርክ ግን በአጋጣሚው ውስጥ አዲስ እውነት አየ። እ.ኤ.አ. በ1965 በጎተንበርግ ከተማ በመንጋጋው ላይ ከተፈጥሮ ጉድለት የነበረበት ዮስታ ላርሶን የተባለ ሰው የመጀመሪያው ታካሚ ሆነ። የተተከሉለት የታይታንየም ሥሮችም እ.ኤ.አ. በ2006 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አገልግለውታል።

ሆኖም የሳይንስ ዓለም ወዲያውኑ አላመነም። ከዚያ በፊት በመንጋጋ ውስጥ የተተከሉ ልዩ ልዩ ብረቶች ብዙውን ጊዜ እየላሉ ይወልቁ ስለነበር፣ ባዕድ ነገር ከአጥንት ጋር ሊዋሐድ አይችልም የሚለው እምነት ሥር ሰድዶ ነበር። ጥርጣሬው የተገፈፈው ለረጅም ዓመታት የተሰበሰበ የታካሚዎች መረጃ እ.ኤ.አ. በ1982 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ከቀረበ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ታካሚ እስከዚህ ጉባኤ 17 ዓመታት አልፈዋል። በሰው አካል ውስጥ የሚገባን ነገር ሳይንስ በችኮላ ማጽደቅ እንደማይገባው ይህ መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

ታይታንየም ከሌሎች ብረቶች የተለየበት ምስጢር ምንድን ነው? ይህ ብረት አየር በነካው ቅጽበት ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ውፍረቱ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ቢጫር ወዲያውኑ ራሱን ይተካል። ስለዚህም የሰውነት ፈሳሽ በቀላሉ አያዝገውም፤ ሰውነትም እንደ ጠላት አይዋጋውም። አጥንት ገንቢ ሕዋሳት እስከ ሽፋኑ ድረስ ቀርበው አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ሐኪሞች ኦሲዮኢንተግሬሽን የሚሉት የአጥንትና የታይታንየም መዋሐድ ይኸው ነው።

ውሕደቱ ግን ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። አንደኛው ሙቀት ነው። አጥንቱ በሚበሳበት ጊዜ ሙቀቱ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ የአጥንቱ ሕዋሳት ይጎዳሉ። ሐኪሙ ቀዳዳውን በቀዝቃዛ የጨው ውኃ እያጠበ ቀስ ብሎ የሚበሳው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው እርጋታ ነው። የተተከለው ሥር ገና ሳይዋሐድ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ የሚነቃነቅ ከሆነ በዙሪያው የሚበቅለው አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ጅማታማ ሥጋ ይሆናል፤ ይህም ሥሩን አይሸከምም። ሦስተኛው ጊዜ ነው። በተለመደው አሠራር ውሕደቱ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ሰው ሠራሹ የጥርስ አካል በማያያዣ አማካይነት በሥሩ ላይ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። በተመረጡ ሁኔታዎች ጊዜያዊ ጥርስ በዚያው ዕለት ሊገጠም ይችላል። ነገር ግን «ጠዋት ገብተው ማታ ጥርስዎን ይዘው ይወጣሉ» የሚል ተስፋ ለሁሉም ሰው የሚሠራ አይደለም፤ አጥንት በማስታወቂያ አይፋጠንምና።

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። የተተከለው ሥር ከተፈጥሮው የሚለየው በምንድን ነው? የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንት ጋር የተጣበቀ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል የሆነ የጅማት ሽፋን አለ። ይህ ጅማት ጥርሱን እንደ ፍራሽ አቅፎ ጫናን ያበርዳል፤ በውስጡ ያሉት ነርቮችም በእንጀራ መካከል የገባች ጠጠርን ጥርስ ሳይሰበር በፊት ያስታውቃሉ። የተተከለው ሥር ይህ ጅማት የለውም። ጫናውን በቀጥታ ወደ አጥንት ያስተላልፋል፤ የሚሰማውም ከአጥንትና ከጡንቻ የሚመጣ ደብዛዛ ስሜት ነው። ከጅማቱ ጋር የሚመጣው የደም አቅርቦት ስለሚጎድልም በዙሪያው ያለው ድድ ባክቴሪያን የመከላከል አቅሙ ያነሰ ነው። እንግዲህ ታይታንየም በጥርስ መቦርቦር ባይጠቃም፣ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል፤ አጥንቱ ቀስ በቀስ እየተበላ በመጨረሻ ጤነኛ የመሰለው ጥርስ ከነሥሩ ይወልቃል። ሲጋራ ማጨስ፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመምና ቀደም ሲል የነበረ የድድ በሽታ ይህን አደጋ በእጅጉ ያባብሱታል።

ይህን የምንለው ሰው ከሕክምናው እንዲሸሽ አይደለም። በትክክል የተተከሉና ክትትል የሚደረግላቸው ሥሮች ከ10 ዓመት በኋላም ከ100ው ከ90 የሚበልጡት በቦታቸው ይገኛሉ። ሌሎቹ ዘዴዎችም የየራሳቸው ጉድለት አለባቸው። ድልድይ ለመሥራት በግራና በቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች መሞረድ ያስፈልጋል። ተነቃይ ጥርስ ዋጋው ቢቀንስም በድድ ላይ ተደግፎ ስለሚቀመጥ ከሥሩ ያለው አጥንት መመናመኑን አያቆምም። አጥንት ሥራ ሲያጣ ይሟሽሻል፤ የኋላ ጥርስ በተነቀለበት ቦታ የመንጋጋው አጥንት በአንድ ዓመት ውስጥ የስፋቱን ግማሽ ያህል ሊያጣ እንደሚችል፣ ከዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት እንደሚከሰት እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የተተከለ ሥር ግን የማኘክን ጫና ለአጥንቱ ስለሚያስተላልፍ አጥንቱ ሥራ እንዳይፈታ ይረዳል።

«ሐኪም በማይበቃበትና ብዙኃኑ ለመንቀያ እንኳ ገንዘብ በሚያጣበት አገር ስለ ጥርስ ተከላ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችን ግን ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ሕክምናው የሀብታም ብቻ ሆኖ እንዲቀር የሚያስገድድ የሳይንስ ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የታችኛው መንጋጋቸው ጥርስ አልባ ለሆኑ ሰዎች በሁለት የተተከሉ ሥሮች ላይ የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ የመጀመሪያው ምርጫ እንዲሆን መክረዋል። አሥራ አራት ጥርስ ለመተካት አሥራ አራት ሥር አያስፈልግም ማለት ነው። ሁለት ሥሮች ብቻ የአንድን አረጋዊ ገበታ ሊለውጡ ይችላሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገሮች ጥርስ አስተክሎ የሚመለስ ወገናችን አንድ ቀን ማያያዣው ቢላላበት ደጃፉ የሚያንኳኳው የአገሩን ሐኪም ነው። የሥሩ ዓይነት በማይታወቅበት ጊዜ ግን የአንዱ አምራች መፍቻ ለሌላው ላይገጥም ይችላልና ቀላሉ ጥገና ከባድ ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊዘወተሩ ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ ጥርስ የሚተከልለት ሰው ሁሉ የሥሩን አምራች፣ ዓይነትና መጠን፣ የተተከለበትንም ቀን የያዘ ካርድ በእጁ ሊሰጠው ይገባል፤ ታካሚውም ይህን እንደ መብቱ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ዋጋ ሲነገር የተከላው ብቻ ሳይሆን የዓመታዊ ምርመራውና የጽዳቱ ወጪ አብሮ ይነገር፤ ክትትል የሌለው ተከላ ዘይት እንደማይቀየርለት መኪና ነውና። ሦስተኛ፣ ማንም ሐኪም የጥርሱን መዳን ሳይመረምር «ነቅለን እንትከልልህ» አይበል። በሥር ሕክምና ሊድን የሚችል ጥርስ የራሱ ጅማትና የራሱ ነርቭ ያለው ነው፤ እጅግ የረቀቀው ታይታንየም እንኳ ይህን አይሰጥም።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ በአገራችን ወደ አንድ አሳዛኝ ልማድ ይመራናል። ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱ ከድዱ ውስጥ በስለት ይወጣል። ይህ ድርጊት ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከመዳረጉም በላይ ከሥሩ ያለውን የቋሚ ጥርስ እምቡጥ ሊያጠፋ ይችላል። የተተከለ ሥር ከአጥንት ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ከልጁ መንጋጋ ጋር አያድግም፤ ስለዚህ ለሕፃን አይተከልም። ጥርሱን በዚህ ልማድ ያጣ ልጅ ዕድገቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ብዙ ዓመታት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። በደቂቃዎች የሚፈጸመውን ጥፋት ዘመናዊው ሕክምና እንኳ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ በከፊል ብቻ ይጠግነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ ውስጥ በሽታዎች 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚያጠቁ ገልጿል። ይህን ሁሉ ሕዝብ በተከላ መድረስ አይቻልም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ስኳር መቀነስ፣ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ ሳሙናና ብሩሽ በማይገኝበትም መፋቂያን በአግባቡ መጠቀም፣ ሕመም ሳይጀምር መታየት፣ ግግ ማውጣትን መተው ከማንኛውም ብረት በፊት ይቀድማሉ።

በዚህ ሥራ የሳይንስ ፋኩልቲዎችም ድርሻ አላቸው። የጥርስ ተከላ የሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ የኬሚስቱ ኦክሳይድ፣ የፊዚክስ ባለሙያው ጫና፣ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሕዋስ በአንዲት ብሎን ላይ የተገናኙበት ነው። ተማሪዎቻችን ከመማሪያ ክፍል ያገኙትን ይህን ዕውቀት በቀላል አማርኛ ወደ ቤተሰቦቻቸው ቢያደርሱ፣ ወላጅ በሕፃኑ ድድ ላይ ስለት ከማሳረፉ በፊት፣ ጎልማሳም ለተከላ ከመዋዋሉ በፊት ቆም ብሎ ይጠይቃል። ከተከላው በፊት የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ጥርሱ ሊድን አይችልም ወይ? አጥንቱ ይበቃል ወይ? ከተተከለ በኋላስ ማን ይከታተለዋል? ለእነዚህ በቂ መልስ ያገኘ ሰው በእምነት ይተከልለት፤ ያላገኘ ግን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ቢታገሥ ይሻለዋል እንላለን።