የአልጋ ዋጋ መውረድ ብቻውን እንግዳ አያመጣም
(ሐተታ)

የሆቴል አገልግሎት ከሌሎች የንግድ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የቢቸና ጤፍ ነጋዴ ገበያው ሲቀዘቅዝበት እህሉን በመጋዘን አቆይቶ የተሻለ ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ዛሬ ሳይያዝ ያደረ አልጋ ግን ነገ ተመልሶ አይሸጥም። በመሆኑም ኢኮኖሚ በተቀዛቀዘ ወይም መንገደኛ በቀነሰ ቁጥር ፈጥነው ዋጋ ከሚቀንሱ ዘርፎች አንዱ የሆቴሉ ዘርፍ ነው። ጥያቄው የዋጋ ቅናሹ እንግዳውን ይመልሰዋል ወይ የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው የአሜሪካዋ የቁማርና የመዝናኛ ከተማ የላስ ቬጋስ ልምድ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 የከተማዋ አማካይ የአንድ ሌሊት የአልጋ ዋጋ 132 ዶላር ያህል ነበር። በ2008 የተከሰተውን የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ተከትሎ በ2009 ወደ 93 ዶላር አሽቆለቆለ፤ ቅናሹ 30 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በዚሁ ጊዜ የጎብኚዎች ቁጥር ከ39 ነጥብ 2 ሚሊዮን ወደ 36 ነጥብ 4 ሚሊዮን ወረደ፤ ይህም 7 በመቶ ያህል ነው። ዋጋው በእጅጉ ቢወርድም እንግዳው በአብዛኛው አልቀረም ማለት ነው።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛው ከተማዋን ያራቆተው የገንዘብ እጥረት እንጂ የመንገድ ችግር አለመሆኑ ነው። መንገዱ ክፍት፣ በረራው ያልተቋረጠ በመሆኑ ዋጋ ሲቀንስ መምጣት የሚችል ሰው ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የሆቴሎቹ አሠራር ነው። ባለ ካዚኖዎቹ ሆቴሎች በአልጋው ላይ ያጡትን ከቁማሩ፣ ከምግቡና ከትርዒቱ በከፊል ማካካስ ይችላሉ።

ያም ሆኖ ቅናሹ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ2010 በአካባቢው ከ100 ሠራተኞች 14 ያህሉ ሥራ አጥ እስከመሆን የደረሱ ሲሆን፣ አማካይ የአልጋ ዋጋ ወደ ቀድሞ ደረጃው የተመለሰው በ2019 ነው። በሁለት ዓመት የወረደውን ለመመለስ አሥር ዓመት ጠይቋል።

በአማራ ክልል የቱሪስት መዳረሻዎች የደረሰው ከዚህ በመሠረቱ የተለየ ነው። በመጋቢት 2012 የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ወደ አገር ውስጥ ሲገባ የውጭ ጎብኚዎች ፍሰት ተገታ። በጥቅምት 2013 የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። በ11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ የምትታወቀውና እ.ኤ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ላሊበላ በ2013 መጨረሻ በጦርነቱ እጅ ገባች፤ ለወራትም ከመብራትና ከስልክ አገልግሎት ተለይታ ቆየች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ተስፋ ቢሰጥም በክልሉ ሌላ ግጭት ተከሰተ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚደረጉ በረራዎችም ለጊዜው ተቋርጠው ነበር።

በእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ አንድ ሆቴል የአልጋ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስ የሚያገኘው ጥቅም ውስን ነው። መንገደኛውን ያስቀረው የአልጋው ዋጋ ሳይሆን የጉዞው አስተማማኝነት በመሆኑ፣ ቅናሹ ቀድሞውንም የመጣውን ጥቂት እንግዳ ከጎረቤት ሆቴል ከመሻማት አልፎ አዲስ እንግዳ አይፈጥርም። የሚያካክስ የካዚኖ ገቢም የለም። ጉዳቱ በቀጥታ የሚያርፈው በባንክ ዕዳው፣ በሠራተኛው ደመወዝና ለሆቴሉ ዶሮ፣ እንቁላልና አትክልት በሚያቀርበው አርሶ አደር ላይ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ለውጡም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር የተተመነ አልጋ ባለቤቱ ዋጋ ሳይነካ ለውጭ እንግዳ በግማሽ ያህል ረከሰ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ ያላስተማመነው ጎብኚ በአልጋ መርከስ ብቻ ጉዞ አይጀምርም፤ የሆቴሉ ከውጭ የሚመጡ ዕቃዎችና መለዋወጫዎች ግን ተወድደዋል።

ጉዳዩ የታላላቆቹ ከተሞች ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው የጁቤ፣ በቢቸናና በሞጣ አልጋ የሚይዙት በዋናነት ነጋዴዎች፣ ሾፌሮች፣ ለመስክ ሥራ የሚወጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ለክብረ በዓልና ለዘመድ ጥየቃ የሚጓዙ ናቸው። በመሆኑም በወረዳ ከተሞች የአልጋ ዋጋ ወለልና ጣሪያ በአብዛኛው የሚወሰነው በውሎ አበል ልክ ነው። ስብሰባና ሥልጠና ሲበዛ አልጋ ይጠፋል፤ በጀት ሲጠብብ ወይም መንገድ ሲዘጋ አልጋ ቤቱ ባዶውን ያድራል። መሥሪያ ቤቶች የስብሰባና የመስክ መርሐ ግብራቸውን በአንድ ሰሞን ከማጨናነቅ ይልቅ በዓመቱ ወራት ቢያከፋፍሉት፣ ያለ ተጨማሪ በጀት የእነዚህን ከተሞች ገቢ ማረጋጋት ይችላሉ።

ዞኑ መንገደኛን የሚያሳድር ሀብት አላጣም። ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሰፊው ያስተዋወቃት ዲማ ጊዮርጊስ፣ በሞጣ አቅጣጫ በዓባይ ላይ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ፣ እንዲሁም የበርካታ ወንዞች መነሻ የሆነው የጮቄ ተራራ ተጠቃሽ ናቸው። አንድን መንገደኛ ተጨማሪ አንድ ሌሊት እንዲያድር የሚያደርግ የጉብኝት መሥመር ከ20 እና 30 በመቶ ቅናሽ የተሻለ ገቢ ያስገኛል።

ከግብር አሰባሰብ አንጻርም ሊጤን የሚገባው ነጥብ አለ። በግምት ግብር የሚከፍል አነስተኛ አልጋ ቤት የሚገመተው በአልጋዎቹ ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ባዶ ያደረውም አልጋ እንደ ተያዘ ይቆጠርበታል። ገማች ኮሚቴዎች በዓመቱ በእርግጥ የተያዙትን አልጋዎችና መንገድ የተዘጋባቸውን ቀናት ከግምት ቢያስገቡ ግብሩ ፍትሐዊ ይሆናል፤ ድርጅቱም ከመዘጋት ይድናል። የተዘጋ አልጋ ቤት በቀጣዩ ዓመት ግብር አይከፍልም።

በአጠቃላይ የላስ ቬጋስ ልምድ የሚያስተምረው ቅናሽ የሚሠራው እንግዳው መምጣት ሲችል መሆኑን ነው። በአማራ ክልል ከተሞች የአልጋ ዋጋ የሚያገግመው መንገዱ ቀንም ሌትም የሚያስተማምን ሲሆን ነው። እስከዚያው ድረስ የዘርፉን ሠራተኛ በሥራው ላይ ማቆየት ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። የሠለጠነ ምግብ አብሳይና አስተናጋጅ አንዴ ከተበተነ፣ ሰላሙ ሲመለስ እንግዳውን የሚቀበል እጅ አይገኝምና።