ባዶውን ቦታ ማን ይሙላው?

ፊደል ለይተህ፣ ስምህን ጽፈህ፣ በጣት መፈረም የተውህ ገበሬ ሆይ! ንባብ እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠራህበት ይዝጋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት መካከል፣ በኋላ የሚያነቡት አጥተው የረሱ አሉ።

«የሚነበብ ከየት ይምጣ?» ትል ይሆናል። ራስህ ጻፈዋ! ባዶ ቦታ ያለው ተረት ጻፍ። ይህ ጨዋታ የእንቆቅልሽ ዘመድ ነው። በእንቆቅልሽ «አገር ስጠኝ» እንባባላለን፤ እዚህ «ቃል ስጠኝ» ነው።

አንድ ሰው አምስት ስድስት መስመር ይጽፋል። ከየመስመሩ አንድ ቃል አውጥቶ ቦታውን በሰረዝ ይተካል። ከዚያ ወረቀቱን ለማንም ሳያሳይ ቡና ላይ የተሰበሰበውን ሰው ይጠይቃል። «አንቺ የቤት እንስሳ ስም ስጪኝ። አንተ የዕቃ ስም ጥራ። እርስዎ ደግሞ አባባ፣ ከብት የሚበላውን ይንገሩኝ።» የመጣውን ቃል እንዳለ ይጽፍና ጮክ ብሎ ያነባል፦

«አያ እገሌ ማልዶ ተነሥቶ *ዶሮ* ጠመደ። *ምጣድ* ሲያርስ ዋለ። ማታ ሚስቱ *ጭድ* አቀረበችለት።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ቃሉን የሰጠው ሰው ደግሞ «እስቲ የታለ?» ብሎ ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ያነባል። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ስትጽፍ ግን የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ተጠንቀቅ። «____ ገበያ ሄደች» ካልህ ባዶው የሴት ስም ይፈልጋል፤ «ሄደ» ካልህ የወንድ። ፊደሏ ትንሽ ናት ብለህም አትናቅ። «____ ውሻውን ነከሰ» ካልህ የምትጠይቀው ነካሹን ነው። «ውሻው ____ን ነከሰ» ካልህ ደግሞ ተነካሹን። ያችው «ን» ናት ጥርሱን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ያዞረችው!

«ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የመሬት ኪራይ ውል ምንድን ነው? የብድር ወረቀትስ? እነሱም እኮ ባዶ ቦታ ያላቸው ጽሑፎች ናቸው። ስምና ቁጥር፣ ቀንና ዓመት ጎድሏቸው ተዘጋጅተው ይመጣሉ። በጨዋታው ሌላ ሰው ባዶውን ሲሞላው ትስቃለህ። በውሉ ላይ አንተ ከፈረምህ በኋላ ሌላ ሰው ቢሞላው ግን የሚስቀው ሌላ ነው።

«አንተ ብቻ ፈርም፣ የቀረውን እኛ እንሞላዋለን» የሚልህ ሰው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አትፈርም። መጀመሪያ ይሞላ፤ አንብበው፤ ከዚያ ፈርም። የማያስፈልግ ባዶ ቦታ ካለም መስመር ይሰመርበት። ቁጥር በፊደልም ይጻፍ። «2» ብቻ ከተጻፈና ከፊቱ ክፍት ቦታ ካለ፣ አንድ ጭረት ብትጨመር «12» ይሆናል። «ሁለት» ተብሎ የተጻፈውን ግን በአንድ ጭረት ብቻ መለወጥ አይቻልም።

ማዳበሪያም ሲሆን ያው ነው። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ከሆነ ሁለቱ 1 ኩንታል ነው። ወረቀቱ ላይ «2 ____» ተብሎ ከቀረ፣ በባዶው ውስጥ «ከረጢት» መጻፍና «ኩንታል» መጻፍ ዕዳህን በእጥፍ ይለያየዋል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ይህን ከቤተሰብህ ጋር ሙላው። መጀመሪያ ለሳቅ፣ ቀጥሎ ለቁም ነገር። የትኛው ባዶ ቦታ ቢበላሽ ይበልጥ እንደሚጎዳም ተከራከሩበት፦

«እኔ ____ ያለኝን ____ ጥማድ መሬት፣ ከ____ ዓ.ም. ጀምሮ ለ____ ዓመት፣ በዓመት በ____ ብር ለ____ አከራይቻለሁ።»