ከሽቦው መረብ በፊት

አንድ በከተማ ፕላን ሙያ የሚተዳደር ወዳጄ ሰሞኑን ስለ አሰላ ስንጨዋወት አንድ ሐሳብ አቀረበልኝ። «ከተማይቱ ጎብኚን የሚያቆም ነገር ያስፈልጋታል። ከላይ በሽቦ መረብ የተሸፈነ፣ ዛፍና ኩሬ ያለው፣ ሰው እየተዘዋወረ የአርሲን ወፎች በቅርብ የሚያይበት ሰፊ ግቢ ቢሠራላትስ?» አለኝ። ፈረንጆቹ ኤቪየሪ የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ዘመኑም የመናፈሻ ዘመን ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ከተከፈተ ወዲህ እንስሳን አጥሮ ማሳየት ከልማት መገለጫዎች እንደ አንዱ እየተቆጠረ ይመስላል። እኔ ግን ሐሳቡን እቃወማለሁ።

ከአርሲ የወጡ ሯጮችን ጥሩ ብንባል ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ለመጥራት ማን ያመነታል? ከዚያው ከጭላሎና ከጋለማ የሚኖሩትን፣ በሌላው ዓለም የማይገኙትን አዕዋፍ ጥሩ ብንባል ግን ከተማርነው ውስጥ ስንቱ ሁለት ስም ይሞላል? በደጋው ረግረግና ሣር ላይ የሚግጥ፣ ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ የሚያሳርፍ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አለ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ጥድ ባለበት ደግሞ ፍሬውን የምትለቅም፣ በዛፍ ሽንቁር የምታድር ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ በቀቀን አለች። ወንዱ በቀይ ግንባሩ ይለያል። ይህችኛዋን የምንጋራት ከኤርትራ ደጋ ጋር ብቻ ነው፤ የሳይንስ ስሟም «ታራንታ» ተብሎ በኤርትራ ከሚገኘው የተራራ መተላለፊያ የተወሰደ ነው። ስሙ የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። እኛ እስካሁን የረባ መጠሪያ ያላወጣንላት ወፍ በሰው አገር ከተሰየመች ሁለት መቶ ዓመት አለፋት ማለት ነው።

የሁለቱም ዘር ዛሬ በባሕር ማዶ አርቢዎች ግቢ፣ ልክ ወዳጄ ባለው ዓይነት መረብ ውስጥ ይገኛል። ቅድመ አያቶቻቸው ከዚህ የተወሰዱ፣ እነርሱ ግን ጥድም ሆነ ረግረግ ሳያዩ እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከዱር የተያዙ ወፎች እንዳይገቡበት በቋሚነት የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ለዚያም ያነሣሣው ከርኅራኄ ይልቅ የወፍ ጉንፋን ፍርሃት እንደነበር ማስታወስ ይገባል፤ ክልከላው በጊዜያዊነት የተጀመረው በ2005 በሽታው ባሠጋ ጊዜ ነውና።

«እንግዲያውስ ዘሩ ከተረፈ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መረቡ የታደጋቸው ወፎች አሉና። የሃዋይ ዝይ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በዱር የቀረው ሠላሳ ያህል ብቻ ነበር። ሰር ፒተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1950 ጥንድ ናቸው የተባሉ ሁለት ዝዮች ወደ እንግሊዝ አገር አስመጣ። ሁለቱም እንቁላል ሲጥሉ ጊዜ ሁለቱም እንስት መሆናቸው ታወቀና በጥድፊያ ወንድ ተላከላቸው! ከዚያ የተራባው ዘር በ1962 ወደ ማዊ ደሴት ተመለሰ። ተአምር የሚያሰኝ ሥራ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ዝዩ የተመለሰው የሚመለስበት ተራራ ስለነበረው ነው።

የብራዚሉ ሰማያዊ በቀቀን ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይመለከተናል። ስፒክስ ይባላል። በሺህ ዘጠኝ መቶዎቹ መጨረሻ ከዱር ጠፍቶ በሰብሳቢዎች ግቢ ብቻ ቀረ። ብራዚልም የገዛ ወፏን መልሳ ለማግኘት ከውጭ አርቢዎች ጋር መደራደር ግድ ሆነባት፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሃምሳ ሁለቱ ከጀርመን በአውሮፕላን መጡላት፣ በ2022 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ተለቀቁ። ሀብቱ በሰው ግቢ ውስጥ ሲቀር ባለቤቱ ደጅ ጠኚ ይሆናል። ስለ ሉዓላዊነት ይህን ያህል የምንጮህ ሰዎች ይህን አስበነው እናውቃለን?

ወደ አርሲ ልመለስ። የኦሮሚያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋቁሟል፤ ጭላሎና ጋለማ፣ ካካ፣ ሁንቆሎ በክልሉ ውስጥ ናቸው። ካርታው መልካም ነው። የገብሱ እርሻና የከብቱ ግጦሽ ግን በካርታ አይቆምም። አስታው እየተቃጠለ፣ ረግረጉ እየተረገጠ ወደ ላይ ይወጣሉ። የዝዩ መኖሪያ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚሸሽበት የለውም፤ ከጫፍ በላይ ሰማይ ነው።

ታዲያ ተራራውን እንጠረው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። አርሲ አጥርን በክፉ የሚያስታውስ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የታለመው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ምርጡ ዘርና ማዳበሪያው መሬቱን ትርፋማ ሲያደርገው ግን ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ነቀሉት። በልማት ስም የመነቀልን ታሪክ የወረሰ ሕዝብ ዛሬ «ለወፍ ሲባል ተነሣ» ቢባል ምን እንደሚል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ፍርዱም ትክክል ነው፤ ሰሚ የሌለው የጥበቃ ሕግ ከባለ መሬቱ ትራክተር በምን ይሻላል?

ሌላ መንገድ ግን በአገራችን አለ። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ለመቶዎች ዓመታት የጠበቁት ያለ ሽቦ ነው፤ ቄሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት። (የዛሬ አንባቢ ከሌላው ቄሮ ጋር እንዳያምታታው።) አለቃቸውን ራሳቸው መርጠው፣ ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲከፈት በሥርዓት አጭደው ይጠቀሙ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። ኋላ ግን ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶት ዛሬ ጓሳ በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው። እርግጥ የመንዝን ገልብጦ ለአርሲ መስጠት ሞኝነት ይሆናል፤ የርስቱ ታሪክም ሆነ የሕዝቡ አኗኗር ለየቅል ነው። አርሲ የራሱ ሽማግሌዎች፣ የራሱ ሸንጎ፣ ስለ ግጦሽና ስለ ውኃ የሚፈርድበት የራሱ ወግ አለው። ከፓርኩ መሥሪያ ቤት የሚጠበቀው እነርሱን ለስብሰባ መጥራት ብቻ ሳይሆን የወሰኑትን ማክበር ነው። የትኛው ረግረግ በየትኛው ወር ይዘጋ፣ የተዘጋበት ገበሬ ከብቱን በምን ይቀልብ፣ ከጎብኚው ገንዘብ ስንቱ ለቀበሌው ይድረስ፤ ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ተቀምጦ መወሰን አይቻልም።

ለወዳጄም የመለስኩለት ይህንኑ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን እንዳንጥል። ለመረቡ፣ ለኩሬው፣ ለመኖና ለእንስሳት ሐኪም የሚወጣው ገንዘብ በየዓመቱ የማይቋረጥ ወጪ ነው። በዚያው ገንዘብ የጭላሎን መንገድ የሚያውቁ የአካባቢው ወጣቶች በአስጎብኚነትና በጥበቃ ሊቀጠሩ ይችላሉ። ጎብኚው አሰላ አድሮ፣ ንጋት ላይ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ተራራው ይወጣል። ዝዩን ካገኘው እሰየው፤ ካላገኘውም ሌላ ሌሊት አሰላ ያድራል፤ ሆቴሉም ያተርፋል። ወዳጄ እንዳልተዋጠለት ፊቱ ይናገር ነበር፤ «መረቡ እኮ ቶሎ ይመረቃል» አለኝ።