በእንቁጣጣሽ ስለሚሰጥ ሥዕል

ልጆች ሆይ፤ የነሐሴ ዝናም እየቀነሰ፥ የጳጉሜን ቀኖች እየተቈጠሩ ሲሄዱ የጎንደር አገር መልኩ ይለወጣል። በክረምት ጭጋግ ተሸፍኖ የነበረው የወገራ ደጋ ይገለጣል። ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ ይለመልማል። ከዚያም አደይ አበባ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ ይፈነዳል። አደይ አበባን ማንም አይዘራውም፥ ማንም ውኃ አያጠጣውም፤ ነገር ግን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ቀኑን ሳይስት ይመጣል።

በዚያ ሰሞን በዓል በበዓል ላይ ይደራረባል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው፤ መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ፥ መስከረም 17 ቀን መስቀል ነው። ደግሞም ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ገናና ጥምቀት ይከተላሉ። በእነዚህ በዓላት ሁሉ ሰው ለሰው አንዳች ነገር ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ስጦታ ያለኝን አሳብ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

እንቁጣጣሽ የሚለው ስም ራሱ የስጦታ ስም ነው የሚሉ አሉ። ንግሥተ ሳባ ከንጉሥ ሰሎሞን ዘንድ ወደ አገርዋ በተመለሰች ጊዜ መኳንንቷ «እንቍ ለጣትሽ» እያሉ ዕንቍ አቀረቡላት፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይላሉ። ይህ ከአባቶች ሲወርድ የመጣ አፈ ታሪክ ነው። የእኛ አገር ልጆች ግን ዕንቍ የላቸውም፤ ስለዚህ ያላቸውን ይሰጣሉ። ሴቶች ልጆች በዋዜማው ወደ ሜዳ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ፥ አደይ አበባ ይቀጥፋሉ፤ እንግጫውንም ይጎነጉኑታል። በነጋው እየዘፈኑ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ አበባ፥ ፀሐይ ወይም መልአክ ሥለው ለጎረቤት ይሰጣሉ። ጎረቤትም መርቆ ሳንቲም ይሰጣቸዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጅ በበዓል የሚይዘውን ነገር አብዛኛውን በእጁ ይሠራ ነበር። የቡሄ ጅራፍ ከልጥ ይገመዳል። ልጡን በውኃ ያርሱታል፥ ያከሩታል፥ ወደ ጫፉ እየቀጠነ እንዲሄድ አድርገው ይገምዱታል፤ ጫፉ ካልቀጠነ ጅራፉ አይጮኽም። ለገና ጨዋታ ደግሞ ጫፉ በተፈጥሮው የቈለመመ እንጨት ከዱር ይፈለጋል። እንዲህ ያለውን እንጨት ለማግኘት አንድ እረኛ ስንት ዛፍ አሻቅቦ እንደሚመለከት የሠራው ብቻ ያውቃል። ሰዎች ይህን ሁሉ ጥበብ ብለው አይጠሩትም፤ የልጅ ጨዋታ ይሉታል። እኔ ግን ጥበብ ነው እላለሁ።

ሥዕሉም እንዲሁ ነው። ቀለም መግዛት የማይችል ልጅ ቀለሙን ከደጁ ያገኛል። የአደይ አበባን ቅጠል በወረቀት ላይ ቢያሹት ቢጫ ይሰጣል። እርጥብ ሣር ቢያሹት አረንጓዴ ይሰጣል። ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት ጥቍር ነው፤ ቀይ አፈር በውኃ ሲበጠበጥ ቀይ ነው። የጎንደር ልጅ ሥዕል ሲባል አስቀድሞ የሚታየው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ነው። በዚያ ጣራ ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በተርታ ተሥለዋል፤ ዐይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው፤ ከታች የቆመ ሰው ሁሉ «እኔን ነው የሚያዩኝ» ይላል። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ሳይቃጠል የተረፈ ነው። ስለዚህ በከተማው ብዙ ልጆች መልአክ ሲሥሉ ዐይኑን ከአፍንጫው ሦስት እጥፍ ያደርጉታል፤ ደግም ያደርጋሉ።

አሁን በራሴ የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ በልጅነቴ ከዳባት አጠገብ ካለች መንደር ለትምህርት ወደ ጎንደር ከተማ መጥቼ በአክስቴ ቤት ተቀመጥሁ። በአንድ ዓመት እንቁጣጣሽ ሲደርስ አባቴ ለደብተር መግዣ ብሎ የላከልኝ ጥቂት ገንዘብ በእጄ ነበረ። በቅዳሜ ገበያ የታተመ ሥዕል ይሸጥ ነበር፤ አበባና ርግብ ያለበት፥ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነው። እኔም በልቤ «ቁጭ ብዬ ስሥል ከማመሽ ብገዛ ይሻለኛል» አልሁና አሥር ገዛሁ። አሥሩም አንድ ዓይነት ነበሩ። በነጋድራስ ዐይን ሲታይ አሳቤ ክፉ አልነበረም፤ ያወጣሁትን ገንዘብ እጥፍ አድርጌ መልሻለሁና።

በጎረቤታችን ጥጥ እየፈተለች ልጅዋን የምታሳድግ አንዲት ድኻ ሴት ነበረች። ልጅዋም የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር። እርሱ የነበረው ከደብተሩ መጨረሻ የተቀደደ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ሆነበት። እኔ አሥር ስለ ነበረኝ ስለ ማንም አላሰብሁም።

በሠፈራችን አንዲት ባልቴት ነበሩ። በደጃቸው የቆመ ትልቅ የወይራ ዛፍ ነበራቸው፤ ጥጣቸውን የሚፈትሉትም፥ ከሰው ጋር የሚያወጉትም ከእርሱ ጥላ ሥር ነበር። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር በአንድ ሌሊት ብርቱ ነፋስ መጥቶ ወይራውን ገነደሰው። ከዚያ በኋላ እርሳቸው ከደጅ መቀመጥ ተዉ።

በእንቁጣጣሽ ማለዳ እኔና ጓደኛዬ አብረን ወደ ቤታቸው ገባን። እኔ ቀድሜ ሥዕሌን ሰጠሁ። «እደግ ልጄ፥ ዓመት ዓመት ያድርስህ» አሉና ሥዕሉን በመሶቡ ክዳን ላይ አኖሩት። ቀጥሎ ጓደኛዬ ሰጠ። እርሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ሄዱ።

«ይህ የእኔ ወይራ አይደለምን?» አሉ።

«ነው፥ እማማ።»

«ይቺ የተቀመጠችውሳ?»

«እርስዎ ነዎት፤ ሲፈትሉ ነው።»

ባልቴቲቱም ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እያስኬዱ ብዙ ጊዜ ቆዩ። «ወይራዬ እኮ እንዲህ ያለ ቢጫ አበባ ኖሮት አያውቅም» አሉ።

«የአደይ አበባ ቀለም ስለ ተረፈኝ ጨመርሁበት» አለ ጓደኛዬ።

እርሳቸውም ሳቁ። ደግሞ «ይህኛው ቅርንጫፍ ወደ ቤቱ ያዘነበለ እንደ ነበረ እንዴት አወቅህ?» ብለው ጠየቁት። «እርስዎ ገበያ ሲሄዱ እወጣበት ነበር» አለ። ይህን በመናገሩ ይቈጡታል ብዬ ፈራሁ፤ እርሳቸው ግን አልተቈጡም። ከቡሖው ጥቂት ሊጥ ቈንጥረው ሥዕሉን ከመደባቸው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሳንቲም አልነበራቸውምና ለሁለታችንም ዳቦ ቈርሰው ቆሎ ዘግነው ሰጡን። እኔ በመንገድ ሳለሁ «ሳንቲም ያልሰጡን እኒህ ብቻ ናቸው» እያልሁ አጕረመረምሁ። ጓደኛዬ ግን ቆሎውን እየበላ ይዘል ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ አክስቴ የተዋሰችውን ወንፊት እንድመልስ ወደ አንድ ቤት ላከችኝ። በገባሁ ጊዜ ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ከጀበናውም ሥር የእኔ ሥዕል ተነጥፏል። ርግቢቱ በጥላሸት ጠቍራለች። እጅግ ተናደድሁ። የቤቱን ሰዎች በልቤ እየሰደብሁ ወጣሁ። ነገር ግን በመንገድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያች ርግብ ወደ ግራ ነበረን የምትመለከተው፥ ወይስ ወደ ቀኝ? አላወቅሁም። አሥር ገዝቼ፥ አሥር ተሸክሜ፥ አሥር ሰጥቼ አንዱንም አላየሁትም ነበር። እኔ ያላየሁትን እነርሱ ስለ ምን ያዩልኛል?

አሳቤ ይህ ነው፤ በስጦታ ውስጥ የሚሰጠው ነገር አንድ ሰው ስለ ሌላው ሰው ያሰበበት ጊዜ ነው። ያ ልጅ ባልቴቲቱ ምን እንደ ጠፋባቸው አስቦ ነበር። ወረቀቱ ያንን አሳብ የተሸከመ አህያ ብቻ ነው። ባዶ አህያ ወደ ቤት ቢገባ ማን ደስ ይለዋል?

ስለ ጌታችን ልደት የተጻፈውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሰብአ ሰገል ወርቅና ዕጣን ከርቤም አመጡ። እረኞቹ ግን ምን ይዘው እንደ መጡ አልተጻፈም፤ ፈጥነው እንደ መጡና ሕፃኑን እንዳዩ ብቻ ተጽፏል። አባቶቻችን የገናን ጨዋታ የጀመሩት እነዚህ እረኞች ናቸው ይላሉ፤ በሰሙት የምሥራች ደስ ብሏቸው በበትራቸው ተጫወቱ ይላሉ። ወርቅ ላልነበራቸው ሰዎች በዓመት አንድ ቀን በስማቸው መጫወታችን ደስ ያሰኘኛል።

ምናልባት አንድ ሰው «የታተመው ሥዕል ያማረ ነው፤ የልጅ ሥዕል ግን ጠማማ ነው» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፥ ጠማማ ነው። ደግሞም «ሥዕል ሻጩ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ አይደለምን?» ይለኛል። ይህም እውነት ነው፤ እኔም መግዛትን አልነቅፍም። ጨው ይገዛል፥ ደብተር ይገዛል። ነገር ግን በዚህ ነገር ከልጆቹ ይልቅ እኛን ታላላቆችን እወቅሳለሁ። ልጅ ሥዕሉን ሲዘረጋልን ፊቱን ሳናይ፥ ወረቀቱንም ሳናይ እጃችንን ወደ ኪሳችን እንሰዳለን። እንዲህ ስናደርግ ልጁ ምን ይማራል? ሥዕሉ ሳንቲም ማውጫ መሆኑን ይማራል። ለዚህስ የታተመው ይቀላል።

ሌላም ነገር አለ። በጎንደር ጥምቀት ታላቅ በዓል ነው። ታቦታቱ ከተማውን በ1628 ዓ.ም. ገደማ በመሠረተው በዐፄ ፋሲለደስ ስም ወደሚጠራው የጥምቀት ባሕር ይወርዳሉ፤ ባሕሩም ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ይሞላል። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል በዓለም ቅርስነት ስለ መዘገበው ከሩቅ አገር የሚመጣው ሰውም ያውቀዋል። ስለዚህ በዓል «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ተረት አለን። ተረቱ ያምራል፤ እኔ ግን ብዙ አልወደውም። በዚህ ተረት ምክንያት ተበድራ ለልጅዋ ቀሚስ የገዛች፥ እስከ ፋሲካም ድረስ ዕዳዋን ስትከፍል የኖረች እናት አውቃለሁ። ደግሞ አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ የአምናውን ቀሚስዋን በታኅሣሥ አጥባ፥ በማታ በመብራት ብርሃን ጫፉን ጠልፋ፥ ከባሕሩ ዳር ከጓደኞችዋ ጋር ስትዘፍን አየኋት። ጥልፍዋ በአንድ በኩል ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ተረቱን ያወጣው ሰው ያችን ቀሚስ ቢያያት ኖሮ ለጥምቀት አልሆነችም ይል ነበርን?

እኔ ዛሬ አርጅቻለሁ። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጆች ወደ ደጄ ሲመጡ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በዚህ ምክንያት አንዳንዶቹ ልጆች የእኔን ቤት ዘለው ያልፋሉ፤ መልስ መስጠት ከሳንቲሙ ይልቅ ከብዷቸው ይሆናል። ባለፈው ዓመት ግን ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ መጣ። የያዘውም የታተመ ሥዕል ነበረ፤ ረጅም ጅራት ያላት ወፍ አለችበት።

«ይህች ወፍ ምን ትባላለች?» አልሁት።

ልጁ ወደ ወፊቱ ተመለከተ፥ ወደ እኔም ተመለከተ፥ ወደ መሬትም ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ «አላውቅም፥ አባባ። በጀርባው የእኔ አለ፤ እናቴ ግን የሚያምረውን አሳይ አለችኝ» አለ።

ወረቀቱን ገለበጥሁት። በከሰል የተሣለ አንድ አህያ አለ። አህያውም አምስት እግር ነበረው።

«ይህስ የማን አህያ ነው?»

«የአጎቴ ነው። ከወገራ ገብስ ጭኖ መጣ።»

«አምስተኛው እግሩስ ምን ይሠራለታል?»

ልጁ እንዴት አልገባህም እንደሚል ሰው አየኝ። «እግር አይደለም፥ አባባ፤ ጅራቱ ነው። መንገድ ላይ ዝናም መትቶት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው» አለ።

ሳንቲሙን ሰጠሁትና መረቅሁት። ወረቀቱንም አህያው ወደ ቤት፥ ወፊቱ ወደ ግድግዳው እንድትሆን አድርጌ በሊጥ ለጠፍሁት።