ለአዳማ ሠራተኛ የጠዋት ባቡር

ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር መስመር ድርብ ሐዲድ ነው፤ ሄያጁና መጪው ሳይጠባበቁ ይተላለፋሉ። ታዲያ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ አድሮ አዲስ አበባ ለሚሠራው ሰው ጠዋትና ማታ የሚመላለስ ባቡር ለምን አይመደብለትም? ጭነት ገንዘብ ያመጣል፣ እሺ። መናኸሪያ ተሰልፎ የሚያመሸው ሠራተኛም እኮ ከፍሎ ነው የሚሄደው።

ትልቁ ጣጣ ጣቢያው ነው። የድሮው ባቡር በ1909 ዓ.ም. ለገሀር ድረስ፣ መሀል ከተማ ገብቶ ነበር። የዛሬው ለቡ ላይ ያወርድሃል፤ የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ እዚያ አይደርስም። የአዳማው ጣቢያም ከመሀል ከተማ ርቋል። በሐዲድ የተረፈችውን ሰዓት ታክሲ ጥበቃ ይበላታል። ስለዚህ አዲስ ፉርጎ ከመግዛት በፊት፣ ባቡሩ እስኪገባ ጠብቆ የሚነሳ የከተማ አውቶቡስ በየጣቢያው ይመደብ፤ ትኬቱም አንድ ይሁን።