ኤልያስም መጀመሪያ ተኝቶ በላ

ከዓመታት በፊት አንድ ወንድም ባለቤቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለደች ሁለት ወር ሆኗታል። ዘማሪ ናት፤ ያን ቀን ፊቷን ሳየው ግን የማውቃት እህት አልመስልህ አለችኝ። «ፓስተር፣ ጌታ የተወኝ ይመስለኛል። መጸለይ አቅቶኛል፤ ልጄን ሳቅፈው እንኳ ምንም አይሰማኝም» አለች። እኔም የጠላት ውጊያ ነው ብዬ ጸለይኩላትና የሦስት ቀን ጾም አዘዝኳት። የምታጠባ እናት! በቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኛ እንኳ አልጠየቅኳትም። በኋላ ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት እህቷ ናት። ሕክምና ጀምራ ቀስ በቀስ አገገመች። እኔ ግን ያን ምክሬን ባስታወስኩት ቁጥር አፍራለሁ።

በእርግዝና ወቅት ኢስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በብዙ እጥፍ ይጨምራሉ። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። በዚያ ላይ የፈሰሰው ደም፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ የኑሮው ጭንቀት ይደረባል። ብዙ እናቶች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ ግን የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች ከመቶ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር፣ በዋናነትም ድባቴ ይገጥማቸዋል። እስቲ በጉባኤያችሁ ያሉትን አራሶች ቁጠሩ።

ማረጥም እንዲሁ ነው። በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ሴቲቱ አርጣለች ይባላል፤ ምልክቶቹ ግን ዓመታት ቀድመው ሊጀምሩ ይችላሉ፦ ድንገት የሚወርር ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳት፣ መነጫነጭ። ባለቤቴ ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍፋ መስኮት ስትከፍት እኔ እየተንቀጠቀጥኩ አጉረመርም ነበር። ጠዋት ቆጣ ስትል ደግሞ ስለ ትዕግሥት አስተምራታለሁ። (ይቅር ብላኛለች።) መጽሐፍ ቅዱስ የሣራን ማረጥ በዘፍጥረት 18 ሳያፍር ጽፎታል፤ የምናፍረው እኛ ነን። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ተምሬአለሁ፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን አልተነገረኝም።

«ታዲያ ፓስተር፣ ሁሉንም ነገር ሆርሞን ልታደርገው ነው? መንፈሳዊ ውጊያ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አለ እንጂ። ዛሬም እጄን ጭኜ እጸልያለሁ። ነገር ግን 1ኛ ነገሥት 19ን አንብቡት። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ሲለምን ከሰማይ ተግሣጽ አልመጣለትም፤ ጹም የሚልም ትእዛዝ አልወረደለትም። ተኛ። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። እንደገና ተኛ፤ እንደገና በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ኮሬብ ሲደርስ ነው። እኛ አገልጋዮች ጥያቄውን አስቀድመን እንጎቻውን ረስተናል።

አሁን አንዲት እህት ልቧ ደክሞ ስትመጣ አስቀድሜ እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያግዛት እጠይቃለሁ። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ፤ ጸሎቱም አብሮ ይሄዳል። አራስ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የምትሰማ ከሆነ፣ ወይም ራሷን አለዚያም ሕፃኑን ስለ መጉዳት ከተናገረች ግን የጸሎት ፕሮግራም አይጠበቅም፤ በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መወሰድ አለባት። ካረጠች በኋላ ደም ያየች እህትም ሳትዘገይ ትመርመር። እህቶቼ፣ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጣት አይደለም። ለምታጠባ እናት የሚሆን መድኃኒትም ስላለ እንደምታጠቡ ለሐኪሙ ንገሩት።

እናቶቻችን አራስን በገንፎና በአጥሚት ሲንከባከቡ ስለ ሆርሞን አልተማሩም፤ ሥራው ግን ገብቷቸው ነበር። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት እናቷም እህቷም በሌሉበት፣ ባሏ ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ብቻዋን የምታርስ እህት ብዙ ናት። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሕፃኑን ተቀበሏትና ሁለት ሰዓት ትተኛ፤ ጸሎቱን ስትነቃ ታደርሱታላችሁ።