ከምርመራው በፊት ላለችው ሌሊት አንድ አልጋ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የአክሮሜጋሊ ሕሙማንን የአንጀት ምርመራ ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

የምጽፍልዎ ከስናን ወረዳ፣ ከሮብ ገበያ ነው። ጥቂት ስለሆኑ ማንም ስለማይጮህላቸው ሕሙማን ነው የምጽፈው። አንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ እብጠት ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ግን የዕድገት ሆርሞንን ያለ ልክ ያመነጫል። አዋቂ ሰው ቁመቱ አይጨምርም። ጫማው ግን ይጠበዋል፣ ቀለበቱ ከጣቱ አልወጣ ይለዋል፣ አገጩ ወደ ፊት ይገፋል፣ ድምፁ ይጎረንናል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ማሪ በ1886 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) አክሮሜጋሊ ብሎታል። ለውጡ አዝጋሚ ስለሆነ እስኪታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። በእኛ ደጋ ደግሞ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ የተለመደ ነውና፣ እግሩ የገዘፈ ሰው ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነው። እጁንም የሚያይለት ባለሙያ ያገኘ ዕድለኛ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንጀትም አብሮ ማደጉን ነው። ትልቁ አንጀት ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል፣ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። ፖሊፕ የተባለው እባጭ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበቅልበታል፤ የካንሰር ስጋቱም ከፍ ያለ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች መመሪያ ከ40 ዓመት ጀምሮ አንጀቱ ሙሉ በሙሉ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ፣ እንዲታይ ይመክራል፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ፖሊፕ ከተገኘ ወይም አይጂኤፍ-1 የተባለው የደም ምርመራ ውጤት ከልክ በላይ ከሆነ በየ3 ዓመቱ ይደገማል።

እንግዲህ ችግሩ መሣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት ይጀምራል። ለሌላው ሰው የሚበቃው የሚያስቀምጥ መድኃኒት እነዚህን ሕሙማን አያጸዳቸውም፤ ተጨምሮ መሰጠት አለበት። ያልጸዳ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ ሳይታይ ያልፋል፤ ወይም ምርመራው ይደገማል፣ መንገዱም አብሮ። ገብስ ቆሎና ባቄላ ቀለቡ ለሆነ ሰው «ቀለል ያለ ምግብ ብላ» ብሎ መሸኘት ምንም ማለት አይደለም፤ ቆሎውን፣ ባቄላውን፣ ጎመኑን ከቀናት በፊት ተው ተብሎ በስማቸው ይነገረው።

ከዚያ ጉዞው አለ። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ ከተላከም በደጀን አድርጎ ዓባይ በረሃን ሊወርድ ነው? ሾፌሩስ ስንት ቦታ ያቆምለታል? ከተማ ዘመድ ያለው እንኳ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት ግቢ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ያድራል። ሳይጠጣ የሚመጣ ቢኖር አልፈርድበትም።

ከእነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ ስኳር አለባቸው፤ ባዶ ሆዳቸውን ሲያድሩ የመድኃኒታቸው መጠን መስተካከል አለበት። ምላሳቸው ስለሚገዝፍና እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ስለሚቆራረጥ ማደንዘዣም ያሰጋቸዋል። ይህን ሁሉ አልጋ ላይ ያለ ታካሚ ነው ነርስ ልትከታተልለት የምትችለው።

ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ ለሚሠሩ የክልሉ ሆስፒታሎች ይጻፉልን። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሕመሙ ስም በግልጽ የሰፈረ፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣ ሕሙም ከምርመራው ዋዜማ ጀምሮ ይተኛ፤ የማጽጃው መድኃኒት በሚያስፈልገው መጠን እዚያው ይሰጠው። የአልጋውንና የመድኃኒቱን ወጪ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንዲሸፍነውም ቢሮዎ ይነጋገርበት። ሕሙማኑ ጥቂት ናቸውና አልጋው አያጣብብም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከሮብ ገበያ፣ ምሥራቅ ጎጃም